ዲሴምበር 24 ማታ ከማን ጋር ነሽ?

ኖቬምበር ሲጋመስ ጃፓን ውስጥ አንድ ጥያቄ መዘዋወር ይጀምራል። በቢሮ የምሳ ሰዓት፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሪደር፣ በስልክ መልእክት። «ኢቭ ላይ ምን አስበሻል?» ኢቭ የሚሉት የዲሴምበር 24ን ምሽት ነው። ጠያቂዋ ስለ ቅዳሴ ማወቅ ፈልጋ አይደለም። እናት አባት ቤት ትሄጃለሽ ወይ ማለቷም አይደለም። በአዲስ አበባ አነጋገር ብንፈታው «ሰው ይዘሻል ወይ?» ማለቷ ነው።

እኛ ገናን የምናውቀው በዘመድ ነው። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረው ሰው ይመለሳል፣ ዶሮው ይወጣል፣ ትሪው ይከበባል። ጎረቤት ካልተጠራ ቅር ይላል። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የሚያዩት የፈረንጅ ገናም የቤተሰብ ነው። ጃፓን ላይ ግን ቀኑ የሁለት ሰው ነው። የፍቅረኛሞች። ቤተሰብ የሚሰበሰበው ከሳምንት በኋላ፣ በአዲስ ዓመት ነው።

ይህን የሰማ ብዙ ሰው «ንግድ ነው» ብሎ ያልፋል። ንግድ እንዳለበት ማንም አይክድም። ግን የጃፓን ነጋዴ ፋሲካንም ለመሸጥ ሞክሯል። እንደ ገና አልያዘለትም። ታዲያ ገና ለምን ያዘ? ለምንስ ለቤተሰብ ሳይሆን ለጥንዶች ሆነ? እኔ መልሱ ያለው ሱቁ ውስጥ ብቻ አይመስለኝም። የጃፓን ወጣቶች ያጡት አንድ ነገር ነበር። ወደዚያ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ግን ምሽቱን እንየው። ዲሴምበር 25 በጃፓን የመንግሥት በዓል አይደለም፤ 24ም እንዲሁ። ስለዚህ ጥንዶቹ የሚገናኙት ከሥራ ወጥተው ነው። ቀጠሮው አብዛኛውን ጊዜ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ነው። እሱ ከነሱፉ፣ እሷ ለዛሬ ብላ ከመረጠችው ካፖርት ጋር። ከዚያ መብራት ለማየት ይሄዳሉ። ቶኪዮ ከሆኑ ማሩኖኡቺ፣ ሮፖንጊ ወይም ኦሞቴሳንዶ። ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎች ከሥር እስከ ጫፍ በትናንሽ አምፖሎች ተሸፍነው መንገዱን ያደምቁታል። ጃፓኖች ይህን «ኢሉሚኔሽን» ይሉታል። ከቶኪዮ ውጭም በየከተማው አለ። ሳፖሮ ከ1981 ጀምሮ፣ ሰንዳይ ደግሞ ከ1986 ጀምሮ በየክረምቱ መብራት ያበራሉ።

ስለ ኮቤ ለብቻው ልናገር። ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ኮቤና አካባቢዋን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከ6,000 በላይ ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከተማዋ መሀል በባለቀለም አምፖሎች የተሠሩ ትልልቅ ቅስቶች ቆሙ። «ሉሚናሪዬ» ተባለ። የተሠራው ለሟቾች መታሰቢያ፣ ለተረፉት ደግሞ ተስፋ እንዲሆን ነው። ለብዙ ዓመታት በዲሴምበር ይካሄድ ስለነበር ልጁን የቀበረ አባትና እጅ ለእጅ የተያያዙ ፍቅረኛሞች በአንድ ቅስት ሥር ያልፉ ነበር። ከ2024 ወዲህ ጊዜው ወደ ጃንዋሪ ተዛውሯል። የጃፓን የዲሴምበር መብራት ሁሉ ማስታወቂያ ብቻ ነው ለሚል ሰው ኮቤን ማሳየት ይበቃል።

ከመብራቱ በኋላ እራት ነው። ከሳምንታት በፊት የተያዘ ጠረጴዛ፣ ለቀኑ ብቻ የወጣ ሜኑ። ስጦታ ይለዋወጣሉ። ኬክ ይቆረሳል። አንዳንዱ ፍቅረኛ ቁም ነገሩን የሚያነሳው በዚህ ምሽት ነው። ጃፓን ውስጥ ፍቅር በደፈናው አይጀመርም። አንደኛው ወገን በግልጽ «እወድሃለሁ፣ ከእኔ ጋር ሁን» ማለት አለበት። ይህ ወግ «ኮኩሃኩ» ይባላል። ካልተባለ ሁለቱ ምንም ያህል ቢቀራረቡ ጓደኛሞች ናቸው። ከተባለ ደግሞ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጥንድ ናቸው። አደባባይ ላይ መተቃቀፍ በማይበዛበት አገር፣ ኢቭ የልብን ለመናገር ትንሽ ድፍረት የሚሰጥ ምሽት ነው።

በማግስቱ ሁለቱም ሥራ ይገባሉ። ዲሴምበር 26 ጠዋት የገና ዛፉ ከመደብሮች ደጃፍ ተነስቶ ቦታው ላይ የቀርከሃና የጥድ ቅርንጫፍ ቆሟል። የአዲስ ዓመት ጌጥ ነው። ለውጡ በአንድ ሌሊት ስለሚያልቅ ለእንግዳ ሰው ያስደነግጣል።

«ክርስቶስ የሌለበት ገና ምን ገና ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ቀኑን ቤተ ክርስቲያን አልባ ያደረጉት የዛሬዎቹ ወጣቶች አይደሉም። ታሪኩ ብዙ ደም አለበት።

ፍራንሲስ ዣቪዬር የተባለው ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ ካጎሺማ የደረሰው በኦገስት 1549 ነው። በ1552 ያማጉቺ ላይ የገና ቅዳሴ ተቀደሰ። በጃፓን ምድር የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ሃይማኖቱ በደቡብ በኩል በፍጥነት ተስፋፋ። ገዥዎቹ ግን ሰጉ። ከሚስዮናዊው ኋላ የስፔንና የፖርቱጋል መርከብ ይታያቸው ነበር። በ1597 ናጋሳኪ ላይ 26 ክርስቲያኖች ተሰቀሉ። በ1614 ክርስትና በመላ አገሪቱ ታገደ። ከዚያ በኋላ ያሉት ከ250 የሚበልጡ ዓመታት የመደበቅ ዓመታት ናቸው። አማኞቹ የእመቤታችንን ሥዕል በአደባባይ መያዝ ስላልቻሉ ካኖን የምትባለውን የቡድሂስቶች የምሕረት ምስል እንደ ማርያም አድርገው ይጸልዩባት ነበር። ጸሎቱን ከአባት ወደ ልጅ በቃል አስተላለፉ። በ1865 ናጋሳኪ ውስጥ አዲስ ለተሠራ ቤተ ክርስቲያን የፈረንሳይ ካህን ራሳቸውን የገለጡት የእነዚህ ሰዎች ልጅ ልጆች ናቸው። ክርስትና መታገዱን የሚናገረው የአደባባይ ሰሌዳ የተነሳው በ1873 ነው። ዛሬ ከ100 ጃፓናውያን ክርስቲያኑ አንድ ገደማ ነው።

እንግዲህ የገና ዛፍ ወደ ጃፓን ከተሞች ሲመጣ የሚቀበለው ምእመን አልነበረም ማለት ይቻላል። የተቀበለው ሱቅ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ጊንዛ በሚባለው የቶኪዮ የገበያ ሠፈር የውጭ ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች መስኮታቸውን ማስጌጥ ጀመሩ። አንድ አጋጣሚም ረዳ። የታይሾ ንጉሠ ነገሥት ያረፉት ዲሴምበር 25 ቀን 1926 ነው። በዚህ ምክንያት ከ1927 እስከ 1947 ቀኑ ብሔራዊ በዓል ነበር። ለክርስቶስ ልደት ሳይሆን ለንጉሡ መታሰቢያ ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1952 የአሜሪካ ጦር ጃፓንን ይዞ ቆየ። የተራበው ሕዝብ የወታደሮቹን ገና አየ። ነጭ ክሬም፣ ስጋ፣ መብራት። በ1950ዎቹ ኢቭ የወንዶች መጠጫ ሌሊት ነበር። አባት ሾጣጣ የወረቀት ቆብ አድርጎ ጊንዛ ላይ ሲጠጣ ያመሽና ለይቅርታ ያህል የኬክ ካርቶን አንጠልጥሎ ይገባል። ቀስ በቀስ የአባትየው መጠጥ ቀርቶ ኬኩ ቤት ውስጥ ቀረ።

ኬኩ ራሱ ብዙ ያስተምራል። ለስላሳ ስፖንጅ ኬክ ነው። በነጭ ክሬም ተለብጦ ላዩ ላይ ቀይ እንጆሪ ይደረደርበታል። በ1910 ዮኮሃማ ላይ የተከፈተው ፉጂያ የተባለ ኬክ ቤት ይህን ካስፋፉት ዋነኛው ነው። ቀይና ነጭ በጃፓን የደስታ ቀለም ናቸው። የሠርግ ዕቃና የምርቃት ስጦታ በእነዚሁ ይታሸጋል። ስለዚህ ኬኩ ከውጭ የመጣ ቢሆንም ለጃፓናዊ ዓይን እንግዳ አልነበረም። ደግሞ ስኳር እስከ 1952 ድረስ በራሽን የሚታደል ነገር ነበር። ክሬምም ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። አንድ ቤተሰብ ክሬም ኬክ ገዝቶ ቤቱ ማስቀመጥ ሲችል ችግሩ ማለፉን በዓይኑ አየ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ እንጆሪው ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። እንጆሪ በተፈጥሮው የሚደርሰው በጸደይ ነው። የጃፓን ኬክ ቤት የሚፈልገው ግን በዲሴምበር ነው። ገበሬው ምን አደረገ? ችግኙን በኦገስትና በሴፕቴምበር ሌሊት ሌሊት ቀዝቃዛና ጨለማ ክፍል ውስጥ ያሳድረዋል። ተክሉ ቀኑ ያጠረ፣ ብርዱ የገባ ይመስለዋል። ያለ ጊዜው አበባ ያወጣል። ከዚያ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ እየሞቀ ለገና ይደርሳል። ከቶኪዮ በስተሰሜን ያለው ቶቺጊ ግዛት ለአሥርት ዓመታት በእንጆሪ ምርት አንደኛ ሆኖ የቆየው በዚህ ሥራ ነው። የዲሴምበር እንጆሪ ዋጋው ከዓመቱ ሁሉ ይከፋል። ነዳጅ ሲወደድ ማሞቂያው ይወደዳል፣ ከዚያም ኬኩ። የሁለት ሰው እራት ላይ የምትቀመጥ አንዲት ፍሬ የአንድ አገር የእርሻ ወቅት አዛውራለች።

ዶሮውን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው በአጭሩ ልለፈው። የተጠበሰ ዶሮ የሚሸጠው የአሜሪካ ኩባንያ ኬኤፍሲ ጃፓን የገባው በ1970 ነው። በ1974 «ገና በኬንታኪ» የሚል አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረ። ሰበቡ ቀላል ነው። ጃፓን ውስጥ ቱርክ የሚባለው ወፍ እንደ ልብ አይገኝም፤ በአብዛኛው ወጥ ቤትም ትልቅ ምድጃ የለም። የተጠበሰ ዶሮ ቦታውን ሞላ። ዛሬ ሰው ከሳምንታት በፊት ያዛል፤ ያላዘዘ ይሰለፋል። ግን በባልዲ የሚሸጠው ዶሮ በአብዛኛው ልጅ ያለበት ቤት ምግብ ነው። የፍቅረኛሞቹ ገና ከዚያ በኋላ የመጣ፣ ሌላ መንገድ ያለው ታሪክ ነው።

ከጦርነቱ በፊት ከ10 የጃፓን ጋብቻዎች 7ቱ የሚፈጸሙት በአገናኝ ነበር። «ኦሚአይ» ይባላል። አክስት፣ ጎረቤት ወይም የመሥሪያ ቤት አለቃ ሁለቱን ወጣቶች ያስተዋውቃል። ወላጆች ይጠያየቃሉ። ከእኛ የሽማግሌ ወግ ጋር ብዙ የሚመሳሰልበት ነገር አለው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በፍቅር የሚጋቡት በለጡ። ዛሬ በአገናኝ የሚጋባው ከ10 አንድ ገደማ ነው። ይህ ትልቅ ነጻነት ነው። ግን አንድ ነገር ይዞ ሄደ። ድሮ ሁለት ሰው መፈላለጋቸውን የሚያረጋግጥላቸው ሌላ ሰው ነበር። አሁን ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። መቼ ይነጋገሩ? በየትኛው ቀን «እኛ ጥንድ ነን» ብለው አደባባይ ይውጡ?

የጃፓንን የዘመን መቁጠሪያ ተመልከቱ። አዲስ ዓመት የወላጅ ነው። በኦገስት የሚውለው ኦቦን ለሞቱ ዘመዶች መታሰቢያ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ትውልድ መንደሩ ይሄዳል። ጁላይ 7 የሚከበረው ታናባታ በሰማይ ወንዝ የተለያዩ ሁለት ኮከቦች በዓመት አንዴ የሚገናኙበት ነው ይባላል። ታሪኩ የፍቅር ነው። ግን በተግባር ልጆች ምኞታቸውን በወረቀት ጽፈው ቀርከሃ ላይ የሚያስሩበት ቀን ሆኗል። ፌብሩዋሪ 14ም አለ። በዚያ ቀን ቸኮሌት የምትሰጠው ሴቷ ናት፤ ለቢሮ ባልደረቦቿም ለግዴታ ያህል ትሰጣለች። ወንዱ የሚመልሰው ማርች 14 ነው። ሁለቱ አንድ ላይ የሚሆኑበት ቀን አይደለም።

በዚህ ሁሉ መሀል ዲሴምበር 24 ባዶ ቤት ነበር። ሃይማኖት አይጠይቅም። አያት አይጎበኝበትም። እንዲህ ይደረጋል የሚል የቆየ ሕግ የለበትም። ደግሞ ያምራል። ወጣቶቹ ገቡበት። እኔ የምለው ይህን ነው፤ ነጋዴው በሩን ከፈተ እንጂ ቤቱን የፈለጉት ወጣቶቹ ናቸው።

የገቡበት ዘመን 1980ዎቹ ነው። በአሥርቱ መጀመሪያ የወጣት ሴቶች መጽሔቶች ኢቭን ከፍቅረኛ ጋር በሆቴል፣ በጥሩ እራት ስለማሳለፍ መጻፍ ጀመሩ። የወንዶቹ መጽሔቶች ተከተሉ። የትኛው ሆቴል፣ የትኛው ሬስቶራንት፣ የትኛው የብር ሐብል። ጥሩ ክፍል የሚፈልግ ወንድ ከወራት በፊት ይደውል ነበር። በ1989 በፈጣኑ ሺንካንሰን ባቡር ላይ የተሠራ የገና ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ወጣ። በሥራ ምክንያት በሁለት ከተማ የተለያዩ ፍቅረኛሞች በዚያ ምሽት ለመገናኘት ጣቢያ ውስጥ ይጠባበቃሉ፤ ልጅቷ ስጦታዋን ታቅፋ ትሮጣለች። ዛሬም ድረስ የሚያስታውሰው ሰው ብዙ ነው። በዚያው ዲሴምበር 29 የቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ 38,915 ነጥብ ደረሰ። ከዚያ ወረደ። ያንን ከፍታ መልሶ ያለፈው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። የጃፓን የፍቅረኛሞች ገና ደንቡን ያወጣው አገሪቱ ከምንጊዜውም በላይ ገንዘብ በነበራት ሰዓት ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

በዚያ ዘመን አንድ ክፉ ቀልድ ነበር። ሴትን ከገና ኬክ ጋር ያመሳስላል። ኬክ እስከ 25 ድረስ ይፈለጋል፤ 26 ሲሆን በግማሽ ዋጋ ይወድቃል። ሴትም 25 ዓመቷን ካለፈች ማን ይወስዳታል ይሉ ነበር። ይህ በመሥሪያ ቤት፣ በቴሌቪዥን፣ በዘመድ ቤት በግልጽ ይነገር ነበር። እኛም «ቆማ ቀረች» የሚል ቃል ስላለን የቃሉን ስለት እናውቀዋለን። ዛሬ ያ አባባል ሞቷል። የገደለው ግን ትምህርት ብቻ አይደለም። በ1980 ጃፓናዊት ሴት በአማካይ የምታገባው በ25.2 ዓመቷ ነበር። በ2023 ወደ 29.7 ደርሷል። ኬኩ ከሕይወቱ ጋር መመሳሰሉ ቀረ።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከዕድሜ አልፎ ጥንድ ወደ መሆን ራሱ መጥቷል። በ1972 ወደ 1.1 ሚሊዮን የሚጠጋ ጋብቻ ተመዝግቦ ነበር። በ2023 ከ500,000 በታች ወረደ፤ በ90 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። 50 ዓመት ሞልቷቸው አንድም ጊዜ ያላገቡ ወንዶች በ1980 ከ100 ሦስት አይሞሉም ነበር፤ በ2020 28 ናቸው። በ2015 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ18 እስከ 34 ዓመት ካሉ ያላገቡ ወንዶች ከ10 ሰባቱ የሴት ጓደኛ የላቸውም። ከሴቶቹ ደግሞ ከ10 ስድስቱ። ጃፓን ውስጥ ከጋብቻ ውጭ የሚወለድ ልጅ በጣም ጥቂት ስለሆነ ጋብቻ ሲቀንስ ልጅ አብሮ ይቀንሳል። በ2024 የተወለዱት 686,000 ገደማ ናቸው። ከዚያ በፊት ከ700,000 ወርዶ አያውቅም።

ብዙ ሐተታ «የዛሬ ወጣት ፍቅር አይፈልግም» ይላል። እኔ ይህ ፍርድ ያናድደኛል። ከፍላጎቱ በፊት ኪሱን መጠየቅ ይገባል። የጃፓን ኩባንያ ለቋሚ ሠራተኛው በዲሴምበር መጀመሪያ የክረምት ቦነስ ይከፍላል። የ1980ዎቹ ወንድ ለኢቭ የሚያወጣው ገንዘብ ከዚያ ነበር። የኮንትራትና የሰዓት ሠራተኛ ቦነሱን አያገኝም፣ ቢያገኝም ጥቂት ነው። በ1989 እንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ ከ5 አንድ ገደማ ነበር። ዛሬ ከ3 ከአንድ በላይ ነው። ደንቡ በቦነስ ዘመን ወጣ፤ ልጆቹ ግን የሚኖሩት ቦነስ በሌለበት ነው። ሆቴሉን፣ ሐብሉን፣ እራቱን ሲደምሩት ኮኩሃኩውን ለመናገር እንኳ ያፍራሉ።

ለዚያውም ብዙዎቹ በዚያ ምሽት ሥራ ላይ ናቸው። ኬኩን የሚሸጠው፣ ዶሮውን የሚያሽገው፣ ሳህኑን የሚያጥበው ተማሪ ነው። አንዳንድ ሱቅ ለሰዓት ሠራተኛው ይህን ያህል ኬክ ሽጥ የሚል ኮታ ይሰጥ እንደነበር፣ ያልተሸጠውን ልጁ ከኪሱ ገዝቶ ይወስድ እንደነበር በጃፓን ጋዜጦች ብዙ ተጽፏል። ውጭ አገር ሲማር በሰዓት እየሠራ የኖረ ሰው ይህ ታሪክ አይገርመውም።

ብቻውን የሚቀረው ስም ወጥቶለታል። «ኩሪቦቺ» ይሉታል። የገናና የብቸኝነት ቃል ተጣብቀው የተሠራ ነው። ቃሉ መጀመሪያ ያሳፍር ነበር። አሁን ብዙዎች ስለ ራሳቸው በግልጽ ይናገሩታል፤ ሱቆችም ለአንድ ሰው የሚሆን ትንሽ ኬክ ያቀርባሉ። የተቆጡም አሉ። በ2006 የተመሠረተ፣ ራሱን «የማይፈለጉ ሰዎች አብዮታዊ ኅብረት» ብሎ የሚጠራ ትንሽ ቡድን በገና ሰሞን ሺቡያ በሚባለው የቶኪዮ ሠፈር ሰልፍ ይወጣል። ፍቅር የሸቀጥ መሸጫ ሆኗል፣ ፍቅረኛ የሌለው ሰው እንደ ጎዶሎ መታየት የለበትም ይላሉ። ብዙ ሰው አይቷቸው ይስቃል። እኔ ግን የሚሉትን ደግሜ ሳስበው እውነት አገኝበታለሁ። አንድ ቀን ሁለት ሰው ለማስደሰት ተብሎ ሲቆም፣ ሦስተኛው ሰው ቀኑን ሙሉ ምን እንደጎደለው ሲነገረው ይውላል።

መንግሥትም ገብቶበታል። የቶኪዮ አስተዳደር በሴፕቴምበር 2024 የራሱን የትዳር መፈለጊያ መተግበሪያ አስጀመረ። ለመመዝገብ ያላገባህ መሆንህን የሚያሳይ ማስረጃና የገቢ ወረቀት ያስፈልጋል። አክስትና አለቃ የተዉትን የአገናኝነት ሥራ አሁን ማዘጋጃ ቤት በኮምፒውተር እየሞከረው ነው።

ቀኑ ራሱስ ወዴት እየሄደ ነው? ወደ ቤት እየገባ ነው። በ2020 በኮሮና ጊዜ ጥንዶች ውጭ መብላት ሲከብዳቸው ቤት አበሰሉ። ብዙዎቹ ወደዱት። ከሱፐርማርኬት የተገዛ ዶሮ፣ ትንሽ ኬክ፣ ከብርድ ልብስ ጋር የተሠራች ኮታትሱ የምትባል የምታሞቅ ጠረጴዛ። እግራቸውን ሥሯ ከትተው ፊልም ያያሉ። ለእኔ ይህ መቀነስ አይመስለኝም። ከሆቴሉ ጠረጴዛ ይልቅ ለመነጋገር ይመቻል።

በጃፓን ያለን ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች ነን ሊባል ይችላል። ቶኪዮ ውስጥ ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ ሰብሰብ ያለ ማኅበረሰብ አለ፤ በስኮላርሺፕ የሄዱ ተማሪዎችም በየዩኒቨርሲቲው አሉ። ከእነሱ መሀል ጃፓናዊ ወይም ጃፓናዊት የወደደ ኦርቶዶክስ ኢቭ ላይ የሚገጥመውን አስቡት። ዲሴምበር 24 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 15 ነው። ጾመ ነቢያት ከገባ አንድ ወር ሞልቶታል። ልጅቷ በደስታ ጠረጴዛ ላይ የደረደረችው ዶሮና ክሬም ኬክ ነው። ሁለቱም ፍስክ ናቸው። እንቢ ቢል ልቧን ይሰብራል፤ ቢበላ የእሱ ይሰበራል።

መውጫው ጃፓን ውስጥ አለ። የቡድሂስት መነኮሳት «ሾጂን ሪዮሪ» የሚባል ምግብ አላቸው። ስጋ የለበትም፣ ዓሣ የለበትም፣ እንቁላልና ወተት የለበትም። ሾርባው እንኳ የሚፈላው በባሕር ቅጠልና በደረቀ እንጉዳይ ነው። ቶፉ፣ ሥራ ሥር፣ ሰሊጥ። እኛ የምንፈልገው ጾም ማለት ነው። ኪዮቶ ውስጥ በቤተ መቅደሶች አካባቢ ይህን የሚያቀርቡ ጥሩ ጥሩ ቤቶች አሉ፤ ቤት ውስጥም ይሠራል። ለኢቭ ለየት ያለ እራት ነው። ግን የሁለት ሰው ቀን ደንብ የለውም ካልን፣ ሜኑውንም ሁለቱ ይወስናሉ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት አለ። መብራቱ ጠፍቷል፣ ኬክ ቤቱ ባዶ ነው፣ ዛፉ ተነስቷል፣ የአዲስ ዓመት ድግስም አልፏል። ጃንዋሪ 7 ጠዋት ጃፓኖች በሰባት ዓይነት ለምለም ቅጠል የተሠራ ቀጠን ያለ የሩዝ ገንፎ ይበላሉ። በበዓል የደከመ ሆድ እንዲያርፍ ነው። የዚያኑ ቀን የእኛ ገና ነው። እሷ ከገንፎው ጋር ሆዷን ታሳርፋለች፤ እሱ ሌሊቱን ሽንኩርት ሲያቁላላ አድሯል። ምሳ ሰዓት ላይ ትንሿ ክፍላቸው በርበሬ በርበሬ ትሸታለች፤ እሷ አንድ እንቁላል ብቻ እቀምሳለሁ ብላ ትቀመጣለች።